ጓሮ፣ ግጦሽ፣ ዱቡሻ፦ የጋሞ ደጋ እርሻ ታሪክ

ስለ አገራችን እርሻ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን የበሬና የማረሻ፣ የጤፍና የስንዴ ታሪክ ነው። ይኸ ሐሰት ነው አንልም፤ ሙሉ ግን አይደለም። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ፣ ከቆላው ሜዳ ተነሥቶ እስከ ጉጌ ተራራ አናት 4,200 ሜትር ግድም የሚወጣ ሌላ አገር አለ። እዚያ ገበሬው በሬ ሊቆምበት በማይችል ተዳፋት ላይ በእጁ እየቆፈረ፣ በላሙ ፍግ እያዳበረ፣ እንሰት ተክሎ እንሰት እየበላ ብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ይህን ገበሬ በየተራ የገዙት መንግሥታት በሌላው ነገር ሁሉ ሲጣሉ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ እርሻው ኋላ ቀር ነው ብለዋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው። እውነት ኋላ ቀር ከሆነ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ቆመ? መቆምስ ከቻለ ዛሬ ለምን ያዘምማል? እኛ እንደምናየው የጋሞ እርሻ የተጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። አንዱ ጓሮ ነው፤ ሁለተኛው የጋራ ግጦሽ ነው፤ ሦስተኛው ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበት ዱቡሻ ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ከሦስቱ ጉልቻ አንዱን ያነሡበት ድስት ምን እንደሚሆን ደግሞ ለማንም አይጠፋም። የዚህ አገር የመቶ ዓመት ታሪክ ጉልቻ በየተራ የማንሣት ታሪክ ነው።

፩. በኩሩና ተክሉ

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጋሞ ምድር ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ የተገኘ፣ የዛሬ 4,500 ዓመት ግድም የተቀበረ ሰው አጽም ተመርምሮ የዘር ቅንጣቱ በሙሉ ተነበበ። በአፍሪካ ምድር ከጥንት አጽም ሙሉ የዘር ቅንጣት ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሰውየው «ባይራ» ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ባይራ በአደንና በለቀማ ከሚኖሩት ወገን እንደ ነበረ ይታመናል። ከእሱ ወዲህ በመጡት ሺህ ዓመታት ውስጥ የዚያ ተራራ ሰው ቆፋሪ፣ ተካይና ከብት አርቢ ሆነ።

የዚህ ኑሮ ምሰሶ እንሰት ነው። የዱር እንሰት በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ በብዙ ቦታ ይበቅላል፤ ለምግብ አልምቶ የኖረው ግን የኢትዮጵያ ሰው ብቻ ነው። ደግሞም የደቡብ ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ስሕተት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ስለ እንሰት ጽፏል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የሰነበተው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስም እንሰትን ዘርዝሮ ገልጾ ሥዕሉን ጭምር በመጽሐፉ አውጥቷል። የኋላ ኋላ የሰሜኑ ሰው እንሰትን ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠል ብቻ አስቀረውና፣ ዋናውን ምግብ የሚያደርገውን ወገኑን እንደ እንግዳ ያየው ጀመር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት ይህ ነው።

፪. ጓሮው

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከ1,300 ሜትር ግድም ወደ 2,700 ሜትር ግድም ይወጣል። በዚች አጭር መንገድ ሦስት አገር ያልፋል። ከታች ቆላው ነው፤ በቆሎ፣ ጥጥ፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ደግሞም አማርኛ ተናጋሪው ሽፈራው የሚለው፣ የአካባቢው ሰው ሃላኮ የሚለው ቅጠሉ የሚበላው ዛፍ። መካከሉ ወይና ደጋ ነው፤ በቆሎው፣ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹና እንሰቱ ተጎራብተው ይታያሉ። ከላይ ደጋው ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንች፣ ቀርቀሃ፣ አሁንም እንሰት። ቆላው ጥጡን ወደ ላይ ይልካል፤ ደጋው ፈትሎና ሸምኖ ሸማውን ወደ ታች ይልካል። ገበያው እነዚህን ሦስት አገሮች እንደ መርፌ ይሰፋቸዋል። አንዱ ዘንድ ዝናብ ቢቀር፣ አንዱ ዘንድ ውርጭ ቢመታ፣ ሌላው ጋ የተረፈ አይጠፋም።

ወደ ደጋው ቤት እንግባ። ቤቱ ከቀርቀሃ የተሸመነ ነው። ሰውና ከብት አብረው ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት እበቱ ተጠርጎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ጓሮው ውስጥ እንሰቱ በዕድሜው ተራ ቆሟል፤ ችግኙ ለብቻ፣ ጎረምሳው ለብቻ፣ ለመፋቅ የደረሰው ለብቻ። በመካከሉ ጎመኑና ቅመሙ። ፍጉን በመጀመሪያ የሚያገኘው ይኸ ጓሮ ነው። ራቅ ያለው የገብስ ማሳ የሚያገኘው የተረፈውን ነው፤ ኃይሉንም የሚጠብቀው በዘር ማፈራረቅ ነው። ዘንድሮ ገብስ ከሆነ ከርሞ ባቄላ ወይም አተር፣ ከዚያ ስንዴ፣ ሲደክመው ማሳደር። ባቄላና አተር ከአየር ናይትሮጅን እየሳቡ መሬቱን እንደሚያሰቡ እኛ በመማሪያ ክፍል ተማርነው፤ የጋሞ ገበሬ ግን ስሙን ሳያውቅ ሥራውን ያውቀዋል።

ስለ እንሰቱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። እንሰት ሲተከል ባንድ ክረምት የሚሰበሰብ አይደለም፤ እንደ አየሩና እንደ ዓይነቱ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ በብርዱ ደጋ ከዚያም በላይ ይቆያል። ይኸ ጉድለት ይመስላል። ግን ገበሬው በየዓመቱ ስለሚተክል ሁልጊዜ የደረሰ አለው፤ ጎተራው ቆሞ የሚያድግ ጎተራ ነው። አይነቅዝም፤ ሌባ በጆንያ ተሸክሞት አይሄድም። ሰፊ ቅጠሉ የክረምቱን ጠብታ ሰብሮ ስለሚያወርደው አፈሩ አይደበደብም። ቅጠሉ ለከብት ይሆናል፤ ቃጫው ለገመድ ይሆናል፤ የደረቀው እዚያው ወድቆ አፈር ይሆናል። የተፋቀው በጉድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይወጣዋል፤ ነጩ ዝቃጭ ቡላ ነው፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ነው። ቆጮ በጉድጓዱ ውስጥ ለብዙ ወራት፣ ሲያዝም ለዓመታት ይቆያል። ጉድለቱ ገንቢ ምግቡ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ወተት፣ ጎመንና ባቄላ ይፈልጋል። እንግዲህ ላም የሌለው እንሰት አካሉ ጎደሎ ነው፤ ፍግም የለው፣ ወተትም የለው።

፫. ግጦሹ

ላም ግን በጓሮ ሣር ብቻ አትኖርም። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ጉልቻ የሚመጣው። በየአገሩ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ የግጦሽ መስክ ነበረ፤ ብዙውም ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ከብቱ ቀን እዚያ ይውላል፤ ማታ ሆዱን ሞልቶ ቤቱ ይገባል፤ ሌሊት እበቱን ጥሎ ጠዋት ይወጣል። ነገሩን በስሌት ብናየው፣ የሣሩ ኃይል በላም ሆድ ተጭኖ ከመስኩ ወደ ጓሮው በየቀኑ ይጓዛል ማለት ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማዳበሪያ ባልነበረበት ዘመን የማዳበሪያው ፋብሪካ መስኩ ነበር።

ከመስኩ ጎን ጫካው አለ። በጋሞ ደጋ ጥድና ኮሶ፣ ወይራና ዝግባ የቆሙባቸው፣ መጥረቢያ የማይነካቸው የተቀደሱ ደኖች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ከአንድ ቤት ግቢ የማይበልጥ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ኮረብታ ይሸፍናል። ጸሎትና ቀብር የሚደረግባቸው ናቸው። ግን ሥራቸው ይህ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኙት በምንጭ ራስ ላይና በተራራ አናት ላይ ነው። ከዚህ ደጋ የሚነሡት ወንዞች፣ ሐሬና ባሶ ወደ አባያ፣ ኩልፎ፣ ሲሌና ኤልጎ ወደ ጫሞ ይወርዳሉ። በቆላው የሚጠጣው፣ የሚለማው የሙዝ እርሻ ሁሉ የሚጠባበቀው የዚያን ደን ትንፋሽ ነው። ላይ አንድ ዛፍ ሲወድቅ ታች ያለው ሰው አይሰማም፤ ሲሰማ ደግሞ በጎርፍ ነው የሚሰማው።

፬. ዱቡሻው

ታዲያ የሁሉም የሆነ መስክ እንዴት ሳይታረስ ኖረ? የማንም ያልሆነ ጫካ እንዴት ሳይቆረጥ ቆየ? በአንዳንድ መጻሕፍት የሁሉም የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም ይባላል። የጋሞ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል፤ የሁሉም የሆነ ነገር የሚጠፋው ሸንጎ ሲያጣ ነው።

የጋሞ ሕዝብ በአንድ ንጉሥ ሥር የኖረ ሕዝብ አልነበረም። 40 ግድም በሚሆኑ «ደሬ» በሚባሉ አገሮች ተከፍሎ ይኖር ነበር፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኤዞ፣ ዲታ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ካምባ እያልን ልንቆጥር እንችላለን። በየደሬው ካዎ አለ፤ ካዎ ስሙ እንደ ንጉሥ ቢሆንም ዋና ሥራው መሥዋዕትና ምርቃት ነው። ሃላቃ ደግሞ በሕዝብ ተመርጦ፣ ደግሶ፣ በተራው የሚያገለግልና ተራውን ጨርሶ የሚወርድ ሹም ነው። ነገሩ የሚቆረጠው ግን በዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ሰው በሣር ላይ ተቀምጦ የሚመክርበት አደባባይ ነው። ሽማግሌ ይመርቃል፤ ከዚያ ተራ ተይዞ ይነገራል፤ ተስማማን እስኪባል ይቆያል። የድንበር ጠብ፣ የመንገድ ሥራ፣ የግጦሹ ነገር፣ የሰው ነፍስ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይታያል። በዘመናችን የኦቾሎን ሸንጎ ያጠናው ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ የፖለቲካን ምንነት ለመመርመር ወደዚያ ተራራ መውጣቱ አለ ነገር አልነበረም።

ዱቡሻው የወሰነውን የሚያስከብረው ወታደር አልነበረም፤ «ጎሜ» ነው። ጎሜ ሕግ የጣሰ ሰው የሚያመጣው መዓት ነው፤ በራሱ፣ በልጁ፣ በከብቱ፣ በዝናቡ ላይ የሚወርድ። የተቀደሰ ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው። ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ቢዘራ ጎሜ ነው። በዛሬ ዓይን ብዙው ጉዳይ አጉል እምነት ይባላል። ነገር ግን መጥረቢያ ያነሣው እጅ የሚገታው በምንድን ነው? አንዱ አገር በዘበኛ ይገታዋል፤ አንዱ በገንዘብ ቅጣት፤ የጋሞ ሰው በጎሜ ገታው። ዘበኛውም ቅጣቱም ያላዳኑትን ደን ጎሜ አዳነው።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ ማር ነበር ለማለት አይደለም። ዱቡሻ የሁሉ ሸንጎ ነው ስንል «ሁሉ» የሚባለው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ አለብን። ማላ የሚባለው ነጻ ዜጋ ነበር። ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚያለፉት ደጋላ ከማላው ጋር በጋብቻ አይገናኙም፤ በሸንጎው ድምፅ የላቸውም፤ ብዙዎቹም መሬት አልነበራቸውም። ገበሬው እህሉን የሚቀቅለው በማና ሴት ድስት፣ የሚተኛው በደጋላ ባለሞያ ቆዳ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሰውየውን ግን በርቀት ያየዋል። ሴቶችስ? ፍጉን በጀርባዋ የምታወጣው ሴት ናት፤ እንሰቱን እግሯን አንተርሳ፣ በቀርቀሃ መፋቂያ ቀኑን ሙሉ የምትፍቀው ሴት ናት፤ የትኛው ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ እንደሚሆን ለይታ የምታውቀውም እሷ ናት። በዱቡሻው ግን የሚናገረው ወንድ ነው። የዚህ እርሻ ዕውቀት ግማሹ ሸንጎ ሳይገባ የኖረ ዕውቀት ነው። ይህን ሳንናገር የጋሞን እርሻ ብናመሰግን ምስጋናችን እብለት ይሆናል።

፭. የመጀመሪያው ጉልቻ ተነሣ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የምኒልክ ጦር ጋሞን ያዘ። ጨንቻ የገዢዎች መቀመጫ ሆነች። ሕዝቡ ለነፍጠኛና ለመልከኛ ገባር ሆኖ ተከፋፈለ፤ እህል አቀረበ፣ ማር አቀረበ፣ አጥር አጠረ፣ ወፍጮ ፈጨ፣ ጭነት ተሸከመ። ከሁሉ ይልቅ እርሻውን የጎዳው የጉልበቱ ግብር ነው። በእጅ የሚቆፈር አገር ያለ ጉልበት ምንም አይደለም። ቆፋሪው በመቆፈሪያው ወራት ለጌታ አጥር ሲያጥር ከዋለ ማሳውን ማን ይቆፍርለት? መስኩና ጫካው እንደ ቆሙ ነበር፤ ሸንጎውም በሹሙ ጥላ ሥር ሆኖ ይሰበሰብ ነበር። የተነካው ጓሮው ነው።

ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የገባሩን የጉልበት ግዴታ በሕግ አነሣ። ግብሩ ግን በብር የሚከፈል ሆነ። ብር ከገብስ አይበቅልም። ስለዚህ ጋሞው ሸማውን ይዞ ወደ ሩቅ አገር ወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚታየው የሸማኔ ሠፈር ከዚያ ስደት የተወለደ ነው። የአገራችን የክት ልብስ በዚያ ሰው እጅ እንደሚሠራ ሁላችን እናውቃለን፤ ሸማኔው ለምን ከጓሮው እንደ ወጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዓይን ቆላውን፣ ጥጡንና መስኖውን ማየት ጀመረ፤ ደጋው ከጀርባ ቀረ።

፮. ሁለተኛው ጉልቻ

አሁን የሚመጣው የእኛው የተማሪዎች ታሪክ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ የገባሩን እንባ ማንም ያልተናገረለትን ተናገሩለት። ይህ ክብር ከእነሱ አይወሰድም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ፤ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መልከኛ ቀረ፤ ጭሰኛ ቀረ። ማናና ደጋላ የተባሉትም የመሬት ባለቤት የመሆን መብት በሕግ አገኙ። ይህን የሚያሳንስ ሰው የገባርን ጀርባ አያውቅም።

ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው ለሌላ ዓይነት አገር ነበር። አንድ ገበሬ ከ10 ሄክታር በላይ አይያዝ አለ። ጋሞ ደጋ ላይ 10 ሄክታር ያለው ሰው ከየት ይመጣል? እዚያ ብዙው ቤተሰብ የሚኖረው ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት ነው። የሚከፋፈል የባላባት መሬት ባለመኖሩ ዓይኑ ያረፈው በመስኩ ላይ ሆነ። ዳኝነቱ ወደ ገበሬ ማኅበር ዞረ። ካዎው የፊውዳል ርዝራዥ፣ ሃላቃው የድሮ ሥርዓት አገልጋይ፣ ጎሜው ጎጂ ልማድ ተባለ። መሥዋዕቱ ተከለከለ፤ በብዙ ደሬ የሃላቃ ሹመት ተቋረጠ ወይም ተደበቀ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የዚያ ዘመን ካድሬም ሆነ ዘማች ገበሬውን ይጠላ ነበር አንልም። ችግሩ የሕዝብን ጨቋኝና የሕዝብን ሸንጎ በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። በተራ ተሹሞ በተራ የሚወርደውን ሃላቃና ርስት ነቅሎ የመጣውን መልከኛ በአንድ ስም ጠራቸው። ገበሬ ራሱን በራሱ ያስተዳድር እያለ፣ ገበሬው ራሱን ያስተዳድርበት የነበረውን አደባባይ ዘጋበት። በዱቡሻው ውስጥ መታረም የሚገባው ነበር፤ የሴቷ ዝምታ፣ የማናው መገለል። ያን ማረም አንድ ነገር ነው፤ አደባባዩን ማፍረስ ሌላ ነገር ነው። ዱቡሻው ሲደክም መስኩን የሚጠብቅ ጠፋ።

፯. ሦስተኛው ጉልቻ

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጥኖ የሄደ ነው። ሕዝቡ በዛ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም መሬት የሌለው ወጣት «የምቆፍረው ስጡኝ» ሲል በብዙ ቀበሌ የተሰጠው ከግጦሹ ተቆርሶ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ከከርሞ ተበድሮ ለዘንድሮ መብላት ሆነ። መስኩ ሲጠብ ላሟ ቀነሰች፤ ላሟ ስትቀንስ ፍጉ ቀነሰ፤ ፍጉ ሲቀንስ እንሰቱ ከሳ። የከሳውን መሬት ለመመለስ የከረጢት ማዳበሪያ መጣ። ጎረቤታችን ወላይታ ውስጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን በብድር ማስፋፋት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ማዳበሪያው ምርት ይጨምራል፤ ይህን አንክድም። ግን ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ስለዚያ ጦርነት ሰምቶ የማያውቅ የጨንቻ ገበሬም ከፈለ። የላም እበት ግን የጦርነት ወሬ አይሰማም።

በዚህ ላይ በሽታ አለ። የእንሰት አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው በጽሑፍ አሳወቁ። በሽታው ሙዝንም ይይዛል። ቢላዋ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፍ ያጋባዋል፤ የያዘውን ተክል ነቅሎ ከመቅበር በቀር መድኃኒት የለውም። ከ50 ዓመት በላይ ሆነው፤ ለስንዴ ዋግ የተደረገው ምርምር ሩብ ለእንሰት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ብለን መመኘታችን አልቀረም። 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ተክል ነውና።

ገበሬው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጨንቻ ላይ ሚስዮናውያን ያመጡትን ፖም ተቀብሎ ችግኙን እስከ ሩቅ አገር ሸጠ። ተዳፋቱ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ቆላው የሙዝ አገር ሆኖ አዲስ አበባን ይመግባል። ገንዘብ ገባ፤ ልጅ ተማረ፤ ቆርቆሮ ቤት ተሠራ። ይህን የሚነቅፍ ካለ እሱ ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ነው። ነገር ግን ፖሙ የገባው እንሰት ጓሮ ውስጥ ነው፤ ባሕር ዛፉ የገባው መስኩ ላይ ነው፤ የሙዙ ሜዳ የሚጠጣው ከደጋው የሚወርደውን ውኃ ነው። የአባያ ሐይቅ ቀይ ቡናማ መልክ በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው አፈር ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት አባቶች ይህን ዓይነቱን ነው።

፰. ለምን ዛሬ እንናገራለን?

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሰሜኑን ሲፈጅ እንሰት የሚበላው አገር የተሻለ ቆመ። እንሰት በተራው ሲደክም ግን የሚተካው የለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ወርዶባቸው ነው። ያ ናዳ የማን ጥፋት ነው ብለን ሙታንን አንከስም። ግን ተመሳሳይ ተዳፋት ላይ የሚኖር ሕዝብ የአፈሩን ነገር እንደ ታሪክ ወሬ ሊያየው አይችልም። የነፍስ ነገር ነው።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው «አግሮኢኮሎጂ» የሚባል ቃል እንሰማለን። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ቤንሲን የሚባል ሩሲያዊ የእርሻ ሊቅ ተጠቀመበት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም አሥር ነጥቦች አውጥቶለታል፤ የሰብል ብዙነት፣ ትርፍራፊን መልሶ መጠቀም፣ ችግርን መቋቋም፣ የምግብ ባህል፣ መልካም አስተዳደር እያለ ይሄዳል። አንዱን በአንዱ ላይ ስናስተያየው ያልነው ሁሉ ጓሮውም፣ መስኩም፣ ዱቡሻውም ውስጥ አለ። የኮንሶ እርከን በ2003 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ እርሻ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ሲመዘገቡ ደስ ብሎናል። ግን ቅርስ መባል ብቻ እበት አያመጣም፤ ሣር አያበቅልም።

ለመሆኑ የሞተ ነገር ነው ወይ የምንናገረው? አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ በአርባ ምንጭ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ። ዓለም ሁሉ ስለ ሰላሙ ጻፈ፤ ልክ ነው። እኛ ግን ስለ ሣሩም እንጠይቃለን። ያ ሣር የተነጨው ከመስክ ነው። መስኩ ባይኖር፣ መስኩ ላይ ተቀምጦ የሚመክር ሸንጎ ባይኖር፣ የሽማግሌው እጅ ምን ይዞ ይወጣ ነበር? በእርሻ ላይ የሚመክረውና በሰላም ላይ የሚመክረው አንድ አደባባይ ነው።

እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የሚቀረው የጋራ መስክ ለምንም ዓይነት «ልማት» ሲጠየቅ፣ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ዱቡሻ ላይ ይወሰን እንበል፤ ጎሜን የማይፈራ ትውልድ መጥቷልና፣ የሸንጎው ውሳኔ በመንግሥት ሕግ ፊት ዋጋ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ያ ዱቡሻ ሴቷን፣ ማናውንና ደጋላውን ያስቀምጥ፤ ግማሽ ሕዝብ ይዞ መስክ አይጠበቅም። ሦስተኛ፣ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ በ1979 ዓ.ም. የተመሠረተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጩ ትምህርት ቤት፣ የቆላውን ውኃ ሲለካ የደጋውን ፍግም ይለካ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምንፈልግ ሰዎች ብዙ ነን፤ የእንሰት ዓይነቶችን ስም ከእነ ጠባያቸው የያዙት እናቶች ግን እያረጁ ነው። የእነሱን ቃል ሳንጽፍ እነሱ ቢያልፉ፣ የምናጣው ተረት አይደለም፤ ምግብ ነው።

የጋሞ ገበሬ ኋላ ቀር ነው ተብሎ መቶ ዓመት ተነገረው። መቶ ዓመት ሙሉ አፈሩን ይዞ የቆየው ግን እሱ ነው። አሁን ልናስተምረው ከመውጣታችን በፊት፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ተራችንን ጠብቀን እንስማው።